ሰባተኛው አጀንዳ

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው፤ ደጁ በበረዶ ታሽጓል፤
የአዳራሹ ማሞቂያ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል።
አሥራ ሦስት ወንበር፣ አሥራ ሦስት ብርጭቆ፣
አንድ የእንጨት መዶሻ፣ እጀታው በእጅ ብዛት አልቆ።
እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤
የተባለውን እየሰማሁ የተወሰነውን እጽፋለሁ።

ኩይቫኮስኪ፣ ሰሜን ፊንላንድ፣ ወንዝ ሁለት ቦታ የከፈላት፣
የወረቀት ፋብሪካው ሲዘጋ ግማሽ ሕዝቧ የሸሻት።
በጭሱ ሽታ እያማረርን ልጅ ያሳደግን ሰዎች፣
አየሩ ሲጠራ ጊዜ የተረፉን ባዶ ቤቶች።

አጀንዳ አንድ፤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጸደቀ።
አጀንዳ ሁለት፤ የውሻ ግብር። ኦስሞ ሣቀ።
አጀንዳ ሦስት፤ የመዋኛው ጣሪያ። ገንዘብ የለም፤ አለቀ።

አራተኛው ላይ የክልሉ ሰው ያርኮ ተነሣ፤
ቀጭን ጫማ ያደረገ፣ በረዷችንን የረሳ።
ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ፣ ወደ ላይ ቀስት የሚወጣ፤
“ክልሉ ሲያድግ እናንተም! አርባ ሚሊዮን ዩሮ ደጃችሁ መጣ።
በአሮጌው ፋብሪካ ቦታ የኮምፒውተር አዳራሽ ይተከል፤
ወንዛችሁ ያቀዝቅዘው፣ ሙቀቱ ለየቤቱ ይታደል።
እምቢ ካላችሁ ጎረቤት ከተማ አለች፤
ብዕር ይዛ ትጠብቃለች።”

“ስንት ሰው ይቀጠራል?” አለች ሲኒካ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር።
“ሲገነባ ሦስት መቶ፤ ሲያልቅ…” ወረደ ወደ ግርጌው ቁጥር፤
“አሥራ አራት።”
ውሃዋን ጠጣች። ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ተሰማ።
“እኔ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ተማሪ ነው የቀረው፣ ከጠቅላላው ከተማ፤
የአሥራ አራት ሰው ልጅ ቢጨመር አንድ ክፍል ይሞላል” አለች፤
ለመደገፍ ይሁን ለመቃወም ሳይለይልኝ ተቀመጠች።

ኡርፖ ቆመ። አርባ ዓመት የፋብሪካውን ማሽን አጉርሷል፤
ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሏል።
“ያኔም እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ነበር፣ ጫማው የሚያበራ፤
‘ዓለም እስከጻፈ ድረስ እናንተ አላችሁ’ አለን፤ አልነው ‘እንሥራ’።
የወንዙን ባለቤት እኔ አላውቅም፤
ዓሣው ግን ስብሰባ አልተጠራም፣ እጅ አውጥቶ አይቃወምም።”

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኦስሞ ጠረጴዛውን መታ፤
“ሰው ከሌለ የዓሣ ጠበቃ ምን ሊሠራ፣ ጧትና ማታ?”

ማሞቂያው ጠፋ፣ ደግሞ ነቃ።
ሰብሳቢዋ ሂልካ መዶሻውን አነሣች፤ “እንግዲህ ይብቃ።”
ሰባት ለስድስት።
ማንም አላጨበጨበም።
“በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ” ብዬ ጻፍኩ።
ኡርፖ በሦስት ጣቱ ጉንጩን ሲያሻሽ አልጻፍኩም፤
ለዚያ የሚሆን ዓምድ ቅጻችን የለውም።

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ቴርቱ አለች፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ ትመጣለች፣ ደብዳቤ ይዛ በእጇ።
አጀንዳ ሰባት የእሷ ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ መቃብሩ አጥር
የመንገዱ መብራት ጠፍቷል፤ ምሰሶው መቶ አሥራ አራት ቁጥር።
አርባ ሚሊዮን ስንቆጥር አምሽተን አንድ አምፖል ላይ ስንደርስ
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሞላ፤ ደንቡ ይላል፣ ስብሰባው ይፍረስ።
“ለሚቀጥለው ተላልፏል።” ለአራተኛ ጊዜ።
ቴርቱ ካፖርቷን ቆለፈች፤ “ግድ የለም፣ ጨለማውን ለምጄዋለሁ፤
ደብዳቤውን ነው ያልለመድኩት፣ ሁሌ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።”

አውቶቡሱ አልፎ ነበር። ሸኘናት፣ አሥራ ሦስቱም እኔም፣
በስልካችን ብርሃን፣ የደገፈው ከተቃወመው ሳይለይም።
ኡርፖ አዳለጠውና የኦስሞን ክንድ ያዘ፤
ኦስሞ ምሰሶው ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየ፣ ትንሽ ፈዘዘ።

የየካቲት ስብሰባ፣ አጀንዳ አንድ፤ “ምሰሶ መቶ አሥራ አራት
ያለ ፈቃድ፣ ያለ በጀት፣ በራ በማን ብልሃት?”
አሥራ ሦስት ሰው ጠረጴዛውን አየ። ማንም አልተነፈሰ።
የኡርፖ መሰላል ብቻ በኦስሞ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ
ደጅ ቆሟል፣ በረዶ የለበሰ።

አጀንዳ ሰባት፤ የወይዘሮ ቴርቱ አዲስ ደብዳቤ።
“መብራቱ በዝቷል። መጋረጃዬን አልፎ አልጋዬ ላይ ያርፋል፤
እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምክር ቤቱ አንድ ነገር ያድርግ።”
ሰዓቱን አየሁ። ለሦስት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።